ወደ ፍሪድሊ የወሰድኩት ድንጋይ

ሰው ገጠመኙን ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ብልህ፣ ሌላውን ሞኝ አድርጎ ነው። ይኼኛው እንደዚያ አይደለም። ሞኙ እኔ ነኝ። ይኼንን ከወዲሁ ካወቃችሁልኝ ሌላው ይቀላል።

ያኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቁመቴ አጭር ነው፤ ምላሴ ግን ጉድለቱን ያካክሳል። የምኖረው ሚኒያፖሊስ፣ ሲዋርድ ሰፈር ሲሆን ብሩክሊን ሴንተር ለሚገኝ አንድ የአረጋውያን የቀን መዋያ ቫን ድራይቭ አደርግ ነበር። ጠዋት ጠዋት አዛውንቶቹን ከየቤታቸው እሰበስባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ መልሼ እበትናቸዋለሁ። ከተሳፋሪዎቼ ግማሾቹ በዕድሜ ከእኔ ያንሱ ነበር። አንዳንዴ በር ላይ የሚቀበሉን ልጆቻቸው «ሹፌሩስ የታለ?» እያሉ እኔን ራሴን ደግፈው ወደ ቤት ሊያስገቡኝ ይሞክሩ ነበር።

እሁድ እሁድ ደግሞ ሌላ ማዕረግ ነበረኝ። አስታራቂ ነበርኩ። በእኛ ሰዎች መሃል ባልና ሚስት ሲጣሉ «ጋሽ ደምሴን ጥሩ» ይባላል። ጋቢዬን ደርቤ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ «እግርና እግርም ይጋጫል» ብዬ ስጀምር ግማሹ ጠብ እዚያው የሚበርድ ይመስለኝ ነበር። ስንት ትዳር እንዳቃናሁ በየድግሱ ሳወራ ባለቤቴ ጥሩነሽ ወደ ኩሽና ገብታ ድስት ታንኳኳለች። ድስት የምታጥብ ይመስለኝ ነበር።

ቦፋ የቫኑ ረዳት ነበረች። ካምቦዲያዊት ናት፤ በራሳቸው አጠራር ክመር። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ሴት ናት፤ ግን መቶ ኪሎ የሚመዝን ሽማግሌ ከነዊልቸሩ እየገፋች ስታስገባ እኔ በሩን ይዤ «አይዞሽ» ማለት ነበር ሥራዬ። እኔን «ቦንግ» ትለኛለች፤ በቋንቋቸው ታላቅ ወንድም ማለት ነው። እኔ ደግሞ «እህቴ» እላታለሁ። የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር የአንድ ሰው አይሞላም ነበር። ቢሆንም ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ወሬ አጥሮን አያውቅም።

አንድ ቀን ተሳፋሪ እየጠበቅን ተረት ስንለዋወጥ እንዲህ አለችኝ፦

«እኛ አገር ወንድ ወርቅ ነው፣ ሴት ነጭ ጨርቅ ናት ይባላል። ወርቅ ጭቃ ውስጥ ቢወድቅ ታጥቦ ያው ወርቅ ነው። ጨርቅ ግን አንዴ ከቆሸሸ አበቃለት።»

«ይቺ ምን አላት! እኛ ደግሞ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል እንላለን።»

«የእናንተ ይብሳል፣ ቦንግ።»

«የለም፣ የእናንተ ይብሳል። የእኛዋ ቢያንስ ታውቃለች።»

በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች «ለማንኛውም እዚህ አገር በረኪና አለ» አለች።

ያገባችበትን ሁኔታ የነገረችኝ ግን ሳትስቅ ነው። ክመር ሩዥ የሚባሉት አገሩን በያዙበት ዘመን ሕዝቡ ከየቤቱ ተነቅሎ የሩዝ እርሻ ላይ ይሠራ ነበር። እሷ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ሴቶቹን በአንድ ረድፍ፣ ወንዶቹን በሌላ ረድፍ አቆሟቸው። ገዢዎቻቸው ራሳቸውን «ድርጅቱ» ነበር የሚሉት። ድርጅቱ ስም እየጠራ፣ ሁለት ሁለት እያደረገ አጋባቸው። እናት የለች፣ አባት የለ፣ መነኩሴ የለ። እምቢ ያለች ትወሰዳለች፤ የተወሰደ ሰው ደግሞ ሲመለስ አልታየም። ለቦፋ የደረሳት ሳሪን የሚባል፣ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ሰው ነው።

«በእኛ ወግ» አለችኝ፣ «ወንድ ነው ወደ ሴት ቤት የሚገባው። ሽማግሌ ይልካል። የልጅቷ እናት ትጠየቃለች። ከተፈቀደለት ይገባል። እኔ ያን ጊዜ ቤት አልነበረኝም፤ እናቴም ሞታ ነበር። ሳሪንን ማንም ግባ አላለውም። ዝም ብሎ ገባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አገዛዙ ሲፈርስ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የት እሄዳለሁ? ታይላንድ ካምፕ፣ ከዚያ እዚህ። ይመታኛል፤ በየቀኑ አይደለም። መቅደሳችን ሄጄ ስናገር ትልልቆቹ 'የቤትሽን ገመና ወደ ውጭ አታውጪ' ይሉኛል።»

እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? «እኛም አገር ያው ነው እህቴ! ጥሩነሽንም ሳትጠየቅ ነው የዳሩልኝ። ይኸው አርባ ዓመት አለፈን!» አልኳት። ማጽናናቴ ነበር። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሳስበው፣ የዚያን ቀን ዓይኗ ምን ይለኝ እንደነበረ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

በዚያ ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ቦፋ ሳሪንን ትታው ወጣች። ነርስ የሆነችው ልጇ ሊና ፍሪድሊ በምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ፈለገችላት። ግማሹ ከመሬት በታች የሆነ ቤት ነው፤ መስኮቱ ከሣሩ እኩል ነው። ሳሪን ሥራ በገባበት ሰዓት ዕቃዋን በራሴ መኪና ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሻንጣ፣ የሩዝ መቀቀያ፣ የእናቷ ናት የምትላት አንዲት የደበዘዘች ፎቶግራፍ። ሌላ ምንም። ዕቃው ከገባ በኋላ የኪራይ ውሉን አውጥታ አሳየችኝ።

«ይኼን ወረቀት እየው፣ ቦንግ። አንድ ስም ብቻ ነው ያለበት።»

«ያንቺ ነዋ!»

«የእኔ ብቻ» አለች። በጣቷ ፊርማዋን ነካ ነካ አደረገችው፣ ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ እንደምታረጋግጥ። ከዚያ ቀና ብላ «ይኼን ቤት የምታውቁት አንተና ሊና ብቻ ናችሁ። ሌላ ሰው እንዳያውቅ» አለችኝ።

«እንኳን ለሰው፣ ለራሴም አልነግረውም!» አልኳት።

ቤት ገብቼ ለጥሩነሽ ቦፋ ባሏን ትታ መውጣቷን ስነግራት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አንተ ሰው፣ አፍህ ወንፊት ነው። በዚች በአንዷ እንኳ ተጠንቀቅ» አለችኝ።

ተጠነቀቅኩ። እስከ ጥር።

በጥር አንድ ሐሙስ፣ ቦፋ ዕረፍት በነበረችበት ቀን፣ ቫኑን አቁሜ ስወርድ ሳሪን መዋያው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከሩቅ አይቼው ስለማውቅ ለየሁት። የጠበቅኩት አውሬ ነበር። የቆመው ግን የኮቱ ቁልፍ የተዛነፈ፣ ጺሙን ሲላጭ አገጩን የቆረጠ፣ የከሳ ሽማግሌ ነው። ሁለት መዳፉን ደረቱ ላይ ገጥሞ፣ አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሳኝ።

«ትልቅ ሰው ነህ ይሉኛል» አለ። «ታስታርቃለህ ይሉኛል። አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ከዚያ አለቀሰ። እንባው ጉንጩ ላይ ሲቀዘቅዝ አየሁት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ራሴን በደንብ ላሳያችሁ። ያዘንኩለት እውነት ነው። ግን ከሐዘኔ በፊት ቀድሞ የመጣው ሌላ ነበር፤ ደስ አለኝ! ዝናዬ ከእኛ ሰዎች አልፎ ካምቦዲያውያን ዘንድ ደረሰ ብዬ ደረቴ ተነፋ። ማን ነገረህ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም። በኋላ እንደሰማሁት ከቦፋ ጋር የሠራ ሰው ሁሉ ዘንድ እየሄደ ያንኑ ቃል ሲናገር፣ ያንኑ እንባ ሲያፈስ ከርሟል። ጽዳቷ ሴትዮ ሳትቀር አባርራዋለች። የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

«ቅዳሜ ና» አልኩት።

በእኛ ወግ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚሄደው ተበዳይዋ ዘንድ ነው፤ ብቻውን። ይጠይቃታል፣ ይለምናታል፣ እሺ ካለች ነው ባልየው የሚቀርበው። እኔ ይኼን ዘለልኩት። ረስቼው አይደለም። ብጠይቃት እምቢ እንደምትል ስለማውቅ ነው። ይኼን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላውን ወግ ግን አሟላሁ። አጥፊ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው። በጥር ሚኔሶታ ድንጋይ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? አገሩ ሁሉ በረዶ ነው። ጓሮ ወጥቼ በአካፋ ስቆፍር ጎረቤቴ በመስኮት «ምን ጠፋህ?» አለኝ። «ድንጋይ» አልኩት፤ መስኮቱን ዘጋ። በመጨረሻ የጋራዡን በር የማስደግፍበት አንድ ጥቁር ድንጋይ ትዝ አለኝ፤ የዳቦ ያህላል። ጨርቅ ይዤ አጸዳሁት፣ ለክብሩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳሪን ሱፍ ለብሶ መጣ። ለጥሩነሽ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» አልኳትና ወጣን። መኪና ውስጥ የድንጋዩን ትርጉም አስረዳሁት። ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይዞት «ጥሩ ባህል» አለ። ከዚያ ፍሪድሊ እስክንደርስ አልተናገረም። እኔ ግን ሙሉውን መንገድ አወራሁ።

በሩ ስንደርስ ከኋላዬ፣ ከግድግዳው ጥግ አቆምኩት። ድንገት ስታየው ልቧ ይራራል ብዬ ነው። አንኳኳሁ። ቦፋ በመስኮቱ ቀና ብላ አየች። ፊቴን ስታይ ፈገግ አለች፤ ሁለት መቀርቀሪያ ሲነሳ ሰማሁ። አንዱን፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

«ቦንግ! በዚህ ብርድ ምን…»

ሳሪን ከጥጉ ወጣ። ድንጋዩ ትከሻው ላይ ነው።

አልጮኸችም። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ነው የጠፋው፤ ፈገግታውም፣ ድንጋጤውም፣ ዕድሜውም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። ከዚያ፣ እንግዳ ደጅ ቆሞ እያለ አይጮኽምና፣ መዳፎቿን ገጥማ ለእኔ እጅ ነሳች። ወደ ኋላ አፈገፈገች። ገባን። የሻይ ውኃ ጣደች። የማንቆርቆሪያው ክዳን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ቦንግ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «አንተ ነህ ያመጣኸው?»

«እኔ ነኝ እህቴ። ተጸጽቷል። አርባ ዓመት እኮ በአንድ ቀን አይጣልም…» ብዬ ንግግሬን ጀመርኩ። የለመድኩትን ሁሉ አወረድኩት። ሳሪን ተንበረከከ። ድንጋዩን እግሯ ሥር አስቀመጠ። በቋንቋቸው ለስለስ አድርጎ የሆነ ነገር አላት። እሷም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መለሰች።

«ምን አለች?» አልኩት።

«አስብበታለሁ ትላለች» አለኝ።

ያለችው «ወደዚህ ቤት አልጠራሁህም፣ ውጣ» ነበር። ይኼን ያወቅኩት ፍርድ ቤት፣ አስተርጓሚ ሲተረጉመው ነው።

እኔ ግን «አስብበታለሁ» የሚለው ቃል በቂዬ ነበር። ተነሣሁ። ጋቢዬን አስተካከልኩ። ያኔ ዞር ብላ በዚያች በእንግሊዝኛችን፣ ጥርት ባለ ድምፅ «ቦንግ፣ አትሂድ» አለችኝ።

ሳቅኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳቅኩ። «በባልና ሚስት መሃል ሦስተኛ አይገባም!» አልኩና በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ።

መኪናዬ ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከኪሴ ቆሎ አውጥቼ መቆርጠም ያዝኩ። ለእሁድ የማወራውን በልቤ አሰናዳሁ፤ «ካምቦዲያዎችን ሳይቀር አስታረቅኩ!» አንድ አሥር ደቂቃ ሄደ። ከሩቅ ሳየው መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። ሻይ እየጠጡ ነው አልኩ። አላስቻለኝም፣ ለጥሩነሽ ደወልኩላት።

«የት ነህ?» አለች።

«ፍሪድሊ። አስታርቄ!»

«ማንን?»

«ቦፋንና ባሏን። አሁን ሻይ ላይ ናቸው።»

የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ።

«ደምሴ» አለች። በስሜ ብቻ ከጠራችኝ ስንት ጊዜ ሆኗታል! «አንተ የት ሆነህ ነው የምታወራው?»

«መኪና ውስጥ።»

«እሷስ?»

«ከእሱ ጋር ውስጥ…»

«ተነሥ! አሁኑኑ ግባ! ብቻዋን ትተሃት ወጣህ? ተነሥ አልኩህ!»

ቀና ስል ሳሪን እየመጣ ነው። አይሮጥም። ኮቱን ለብሷል። በሩን ከፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ቀበቶውን አሰረ። «ወደ ቤት» አለኝ፣ ታክሲ እንደያዘ ሰው።

«ቦፋስ?»

«ተኝታለች።»

ድንጋዩን አልያዘም። የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ ርሷል፤ ሻይ ነው ለማለት ሞከርኩ። ሻይ ያን ያህል አይቀላም።

ቁልፉን ነቅዬ ሮጥኩ። መሮጥ ከተባለ፤ ሁለት ርምጃ ሄጄ በበረዶው ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ፣ ቆሎው ሁሉ ተበተነ። በእጅና በእግሬ ድኼ በሩ ጋ ደረስኩ። በሩ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ ነው። መስኮቱ ጋ በሆዴ ተኛሁና በመዳፌ መስተዋቱን ብጠርግ እንፋሎቱ ከውስጥ ነው፤ አይጠረግም። በአንድ ጥግ በኩል ብቻ ካልሲ ያደረገ እግሯን አየሁ። ማንቆርቆሪያው ያፏጫል። እግሩ አይንቀሳቀስም።

የአደጋ ጊዜ ስልኩን፣ ዘጠኝ አንድ አንድ ደወልኩ። እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋ። «ሴት… ድንጋይ… እኔ ነኝ…» ብቻ ነው የሚወጣኝ። ስልኩን ያነሣችው ሴትዮ በትዕግሥት «አድራሻው የት ነው?» አለችኝ። እሱን ግን አልረሳሁትም። ለማንም አልናገርም ብዬ የማልኩበትን አድራሻ ቁጥሩን ሳላሳስት ተናገርኩ። ያን ዕለት ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ቢያንስ ለሚያድናት ነበር።

ፖሊሶቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ እኔ በረዶው ላይ ተቀምጫለሁ። ሳሪን መኪናዬ ውስጥ ነበር። ለማምለጥ አልሞከረም። ቀበቶውን እንዳሰረ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ የሚነዳውን ሰው ይጠብቅ ነበር።

ቦፋ አልሞተችም። የግራ ዓይኗ ጠፋ። ፊቷን ልትከልል ያነሣችው ቀኝ እጇ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ለሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ሊና እያለፈች እየተመለሰች አታየኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ፊቴ ቆማ በእንግሊዝኛ «አንክል፣ እናቴ ልታይህ ትፈልጋለች። እኔ አልፈልግም» አለችኝና በሩን አሳየችኝ።

ገባሁ። ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተሸፍኗል። ልንበረከክ ጉልበቴን ሳጥፍ «ተው» አለችኝ። ከዚያ በዚያችው በቀረችው ዓይኗ ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣

«ዛሬ ድንጋይ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«ጥሩ።»

ቀልድ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ምላሴ፣ ያ ቁመቴን ያካክሳል ያልኳችሁ፣ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። እሷው ተናገረች።

«በፊት ሲያሰልፉን ቤት አልነበረኝም። በርም አልነበረኝም። የምዘጋውም የምከፍተውም አልነበረም። አሁን ግን በር ነበረኝ። ራሴ ከፈትኩት። ለአንተ።»

«ይቅር…»

«አትበል» አለችኝ። «ሁልጊዜ የምትጀምሩት ከዚያ ነው። ይቅር በይ፣ ይቅር በይ። የእኛም ሽማግሌዎች፣ አንተም። ማንም ምን ሆንሽ ብሎ አይጀምርም።» ትንፋሽ አጠራት፤ ጠበቅኩ። «ዳኛው ፊት ሂድና ያየኸውን ተናገር። ያየኸውን ብቻ አይደለም። ያደረግከውንም።»

«እሺ» አልኩ። በዕድሜዬ ከተናገርኳቸው ንግግሮች ሁሉ አጭሩ ነው።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ወሬው ሲሰማ አብረውኝ ሽምግልና የሚቀመጡት ጓደኞቼ ቤቴ መጡ። «አስታራቂ ምስክር አይሆንም፣ ጋሽ ደምሴ። ነገም ሰው ገመናውን እንዴት ያምነናል?» አሉኝ። ቀስ ብለውም «ደግሞ ራስህን ለምን ታስገባለህ? ወስጄው ነበር ካልክ አንተንም ይጠይቁሃል» አሉ። አሳማኝ ነበር። ከአንድ ወር በፊት ቢሆን ያንን ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ፤ ያውም አሳምሬ! ጥሩነሽ ከኩሽና ድስት ሳታንኳኳ ወጥታ መሃላችን ቆመችና «ይኼ ሰውዬ ይሄዳል። እምቢ ካለ እኔ አዝዬው እሄዳለሁ» አለች። ሸኘቻቸው።

ሄድኩ። የሳሪን ጠበቃ ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው።

«ወይዘሮ ቦፋ በሩን ራሷ ከፍታ አስገብታችኋለች፤ እንደዚያ ነው?» አለኝ።

«ከፍታለች» አልኩ።

«ስለዚህ ጋብዛችኋለች።»

«የከፈተችው ለእኔ ነው። እሱን የጋበዘው ሰው የለም። ከድሮም ጀምሮ ማንም አልጋበዘውም። እኔ ነኝ ከኋላዬ ደብቄ ያስገባሁት፤ ድንጋዩንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

አስተርጓሚው ለቦፋ ወደ ክመር ሲተረጉምላት ወደ እሷ አላየሁም። አልደፈርኩም። ሳሪን ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። እኔን ሕጉ አልነካኝም። ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር አወጣህ» አለኝ። ከምን እንዳወጣኝ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልንገራችሁና ላብቃ። ያስታረቅኳቸውን ሴቶች እያስታወስኩ አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። ባሎቻቸው በሌሉበት ሰዓት። «በዚያን ጊዜ ተመለሽ ስንልሽ መመለስ ፈልገሽ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዷ አዎ አለች፣ ተመስገን። አንዷ «ጋሽዬ፣ አሁን ይኼ ምን ያደርግልሃል?» ብላ ዘጋችብኝ። አንዷ፣ እዚሁ ሲዋርድ ሁለት መንገድ ተሻግራ የምትኖር፣ «ዝም አልኩ እንጂ መች ታረቅኩ?» አለችኝ። ዝምታን እርቅ ብዬ በየድግሱ ስቆጥር ኖሬአለሁ።

የመጨረሻዋን ለመጠየቅ ስልክ አላስፈለገኝም። ልጅ ሳለን፣ ጥሩነሽ አንድ ጊዜ ጥላኝ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር፤ ሽማግሌ ልኬ መለስኳት። እንዴት እንደመለስኳት ለሰው ሳወራ ስንት ሰው አስቄበታለሁ! አንድ ቀን ጠዋት «አንቺስ?» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ገባት። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች። ከዚያ ተቀምጣ ነገረችኝ። የነገረችኝ የእሷ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ይኼን ያህል እንኳ ተምሬአለሁ።

እናንተ እንደኔ ጉሮሯችሁን ጠርጋችሁ በሰው ትዳር መሃል የምትቀመጡ፣ ከተጠራችሁ ሂዱ፤ አትሂዱ አልልም። ግን ሴትየዋን ብቻዋን ጠይቋት። ጠይቃችሁ እምቢ ካለች፣ እምቢ ብላለች ማለት ነው። መልሱን ስለምታውቁት መጠየቅ ከፈራችሁ ደግሞ ቤታችሁ ተቀመጡ፤ ቆሎ ቆርጥሙ።

ቦፋ ከሆስፒታል ወጥታ ፍሪድሊ አልተመለሰችም። ሌላ ቤት ገብታለች ይባላል። አንዳንዱ ሰው ሴንት ፖል ነች ይለኛል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ሌላ ስቴት ሄዳለች ይላል። ሊናን አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ አገኘኋትና «ደህና ናት?» አልኳት። «ደህና ናት» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።

ይኼን ከምታነቡት መሃል ቦፋ የት እንዳለች የሚያውቅ ይኖር ይሆናል። ካለ፣ አደራ፣ ለእኔ እንዳይነግረኝ።